የኤዶ ሮዳ ሃን

ልጅ ሳለሁ፣ ጅጅጋ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ፣ ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል የሚጀመር አንድ ሥራ ነበር፤ የወተት ዕቃ ማጠን። የቤቱ ባለቤት ኤዶ ሮዳ የግመል ወተት ነጋዴ ነበረች። ከገጠር በመኪና የሚመጣላትን ወተት ጠዋት ገበያ ወስዳ ትሸጥና፣ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመልሳ፣ ዕቃዎቿን አለቃልቃ ትንሽ ጋደም ትላለች። ስትነሳ የግራር ፍም ታወጣለች፤ ፍሙን በየዕቃው ውስጥ ትጨምርና ክዳኑን ገጥማ ወዲያና ወዲህ ታንከባልለዋለች። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ጭስ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። እኔ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቼ ቀድሜ ቦታ እይዝ ነበር፤ ምክንያቱም የኤዶ ሮዳ እጅ ዕቃ ሲያጥን አፏ ሥራ አይፈታም፤ ተረት ታወራለች።

«ኤዶ» በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ ግን በዕድሜ የገፋችን ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው ስለሆነች አንቱ በያት ብላ መክራኝ ነበር። አንድ ቀን አንቱ ብላት፣ ዞር ብላ ከኋላዋ አየችና፣ ሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ሆና ቀረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናደድ ድምጿን ከፍ ሳይሆን ዝቅ የምታደርግ ሴት ነበረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ የልቧንም ከመናገር ወደኋላ አይልም።

ተረት ስትጀምር «ሼኮ፣ ሼኮ» ትላለች። የግቢውና የጎረቤት ልጆች ደግሞ «ሼኮ ሐሪር» ብለን እንመልሳለን፤ የሐር ተረት እንደማለት ነው። መልሳችን ደከም ካለ አትቀጥልም። መብራት በጠፋ ማታ በፀሐይ የሚሞላው ፋኖስ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከሱ ይልቅ ግን ፊቷን የሚያሳየን ፍሙ ነበር። በሷ ተረት ውስጥ ንጉሥ የለም፤ አንበሳና ጅብም እምብዛም አይገቡበትም። ጀግኖቿ አንድ ነገር ቸግሯቸው መላ የፈጠሩ ሰዎች ናቸው። ግመሉ ጫካ ገብቶ እንዳይጠፋበት የእንጨት ቃጭል ጠርቦ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው፣ ደረቅ መሬት ቆፍሮ የዝናብ ውሃ ያቆረ ሰው፣ ቤትን ነቅሎ ግመል ላይ መጫን እንደሚቻል መጀመሪያ ያሰበች ሴት። እነዚህ ሁሉ ደግሞ፣ በኤዶ ሮዳ አነጋገር፣ የተወለዱት ደገሀቡር አጠገብ ነው። እሷም የተወለደችው እዚያው ነው። አባቴ አንድ ማታ ባጃጅንም ደገሀቡር ነው እንዴ የፈጠሩት ብሎ ቢያሾፍባት፣ የፈጠራትን አላውቅም፣ መንገድ ላይ ስትቆም በሽቦና በላስቲክ የሚያስነሳት ልጅ ግን የኛ ነው አለችው። አባቴ እጅ ሰጠ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የመጀመሪያውን ሃን የሠራችውን ሴት ተረት ነበር። ሃን ከግራር ሥር ተፈትሎ የሚጎነጎን የወተት ዕቃ ነው። ሥር እንዴት ወተት ይይዛል? ተረቱም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ሴትዮዋ ግመሎቿ ታልበው ወተቱን የምታስቀምጥበት አጣች። ሸክላው ግመል ላይ ይሰበራል፤ ቆዳው ወተቱን ያበላሸዋል። አንድ ቀን ወፍ ጎጆዋን ስትጎነጉን አይታ፣ እሷም ሥር ቆፈረችና ጎነጎነች። ወተት ብትጨምርበት አፈሰሰ። ሙጫ ቀባችው፤ አፈሰሰ። ቅቤ ቀባችው፤ ያው አፈሰሰ። ጎረቤቶቿ መሬቱን ወተት የምታጠጣዋ እያሉ ስም አወጡላት። ኤዶ ሮዳ እዚህ ስትደርስ ቆም ትልና፣ ተወችው ወይ ብላ ትጠይቀናለች። እኛም አልተወችውም ብለን እንጮሃለን። መልሱን ብናውቀውም እኔ ሁልጊዜ እሰጋ ነበር። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ዕቃውን የግራር ቅርፊት በተቀቀለበት ውሃ ዘፍዝፋ፣ በጭስ አጥና፣ ቅቤ አጠጥታ፣ እንደገና አጥና፣ ወተቱን ብትጨምርበት ጠብ አላለም።

ተረት በተረት ነውና እኔም ከመጣሁባቸው አገሮች የማውቀውን እነግራት ነበር። አባቴ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሠራተኛ ስለሆነ ሥራው በወሰደው ቦታ ሁሉ አብረነው ዞረናል። ጨንቻ ተወለድኩ፣ ባቢሌ ፊደል ቆጠርኩ፣ ጅጅጋ ላይ ልብ ገዛሁ። ጨንቻ ላይ ከቀርከሃ የሚጎነጎን ረጅም ቤት አለ፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ይሸከሙና ሌላ ቦታ ያቆሙታል። ይህን ስነግራት ኤዶ ሮዳ ፍሙን ረሳችው። ቤት ነቅሎ መሄድ የሷ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ይመስላት ነበር። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚሸከሙት፣ ግመል የላቸውም እንዴ ብላ አዘነችላቸው። ባቢሌ ሳለን ደግሞ ጎረቤታችን የነበረ በያጅ የአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ በስቶ፣ በእጅ የሚዞር የኦቾሎኒ መፈልፈያ ሠርቶ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ጣታቸው ሳይላጥ ጆንያውን ሲያዳርሱ አይቼ፣ አጎቴ የሆነ ይመስል ኮርቼበታለሁ። ኤዶ ሮዳ ሰምታ ስታበቃ፣ እናቱ ደገሀቡር አጠገብ ሳትወለድ አትቀርም አለች።

ነገሩ የሆነው ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ መምህራችን፣ ጨዋታ የሚወዱ ደግ ሰው፣ የፈጠራ ቀን እናደርጋለን፣ ሁላችሁም ከምትኖሩበት አካባቢ የምትኮሩበትን አንድ ፈጠራ አምጥታችሁ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩን አሉን። ቃላቸው ሳያልቅ ኤዶ ሮዳ ቤት የተሰቀለው ሃን ትዝ አለኝ። አጠገቤ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ በጆሮዋ ስነግራት፣ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ሂቦ ሰማችና ዞረች። ሂቦ የክፍላችን ጎበዝ ናት፤ ስትናገር አትጮህም፣ አትሳደብም። «ሃን የኛ ነው» አለችኝ። «አንቺ የራስሽን አምጪ።»

ምን ልበላት? የጨንቻን ቤት ተሸክሜ አልመጣ። የባቢሌው በያጅ ዘመዴ አይደለም። ጅጅጋ ተከራይ ነን። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ፣ በኖርኩባቸው አገሮች ሁሉ የምኮራበት ነገር እያለኝ አንዱንም የኔ ማለት እንደማልችል የገባኝ ያኔ ነው። አመመኝ። ሲያመኝ ደግሞ እልህ ይይዘኛል፤ ይህን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። ማታ ኤዶ ሮዳን ሃንሽን አውሺኝ አልኳት።

ገበያ የምትወስዳቸው ዕቃዎች የአሉሚኒየም ነበሩ። ሃን የነበራት አንድ ብቻ ነው፤ እናቷ የጎነጎነችው፣ ስትዳር የሰጠቻት፣ የቤት ወተት ብቻ የሚገባበት። ከጥላት ጠቁሮ ውጭው ከሰል መስሏል። ትልልቅ የሆኑት ልጆቿ ለዒድ ሲመጡ ይህን አሮጌ ነገር ጣዪው ይሏታል፤ እሷ ግን መልሳ ትሰቅለዋለች። ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ ትምህርት ቤት ሰው ይየው፣ ልጆቼ ባያዩት የሰው ልጆች ይዩት ብላ ከተሰቀለበት አውርዳ ሰጠችኝ። ለሚቀጥለው ጠዋትም ወተት እንደምታስቀምጥልኝ ቃል ገባች።

እናቴን ሳይ እስከዛሬ የማደንቅላት ነገር ቢኖር የሰው ዕቃ አያያዟ ነው። የተዋሰችውን ሰሃን ሳታጥብ፣ አንድ ነገርም ሳታደርግበት መልሳ አታውቅም። ሃኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስተኛ፣ ይህ ጥላሸት ሰው ፊት ቀርቦ የሴትዮዋን ስም ሊያጠፋ ነው ብላ ተጨነቀች። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ውሃ አሞቀች፣ ኦሞ ጨመረች፣ በብሩሽ ከውስጥም ከውጭም ፈተገችው። ከዚያ ደጅ አውጥታ ለጅጅጋ ነፋስ ሰጠችው። ስነሳ ሃኑ ወርቅማ ሆኖ፣ ጉንጉኑ አንድ በአንድ እየታየ አገኘሁት። እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴም በጣም ደስ ብሏት ነበር። ኤዶ ሮዳ ገና በሌሊቱ ወደ ገበያ ስለወጣች፣ ወተቱን በጆግ ትታልኝ ሄዳለች እንጂ አላየችውም።

ተራዬ ሲደርስ ከሃኑ ሥር ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ። አንዲት ጠብታ ብትወርድ ይታያል፣ ግን አትወርድም ብዬ ፎከርኩ። የሴትዮዋን ተረት እየነገርኩ ወተቱን ቀዳሁ። ተረቱ ሙጫው ላይ ሲደርስ ልጆቹ ይስቁ ጀመር፤ እኔ በተረቱ መስሎኝ ይበልጥ አሳመርኩት። ወደ ታች ሳይ ወረቀቱ ርሷል። ወተቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ የመምህሩ ጫማ ላይ ይንጠባጠባል። መምህሩ ሮጠው ባልዲ አመጡና ሃኑን አንስተው ከቱበት፤ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሂቦ ግን ሳትስቅ ቁጭ ብላ አየችኝና፣ «የናንተ ሃን ያፈሳል» አለችኝ።

ቤት እስክደርስ ይህ አረፍተ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። ትናንት የኛ ነው ብላ ነበር። ሲይዝ የነሱ፣ ሲያፈስ የኔ? ንዴቴ ለቅሶዬን ቀደመው። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገርም አሰብኩ፤ ዕቃው ሳያፈስ የኔ ነው ለማለት የፈለግኩ ሰው፣ ሲያፈስ የኔ አይደለም ማለት አልችልም። ስለዚህ ደረቴ ላይ አቅፌ ይዤው ሄድኩ። ልብሴ ወተት በወተት ሆነ።

እናቴ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ነኝ፣ እኔው እነግራታለሁ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሃኑን ይዛ ወጣች። ኤዶ ሮዳ ግቢው መሐል ከሰል እያቀጣጠለች ነበር። ሃኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ አፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። እናቴ ስለ ኦሞውም ስለ ብሩሹም እየተንተባተበች ነገረቻት። ኤዶ ሮዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እዚህ ውስጥ የእናቴ ጭስ ነበር» አለች። «እሷ ያጠነችው፣ እኔ በላዩ ያጠንኩት። እናቴን አጠብሽብኝ።»

እናቴ ቆማ አለቀሰች። ኤዶ ሮዳ ሃኑን አንስታ ቤቷ ገባችና በሯን ዘጋች። ያን ማታ ዕቃ አልታጠነም፤ ተረትም አልነበረም። ግቢው ውስጥ ጭስ ሳይሸት የመሸበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ ሃኑ ውስጥ ሽንኩርት ተቀምጦበት አየሁ። ወተት የማይይዝ ዕቃ ሽንኩርት ይያዝ ብላ ነው። ሽንኩርቱን አወጣሁና ፊቷ ቆምኩ። ቅርፊቱን ከየት እንደማመጣ ንገሪኝ፣ መዘፍዘፉንም ማጠኑንም አሳዪኝ፣ አስተካክለዋለሁ አልኳት። ተዪው አለችኝ። ሴትዮዋ አልተወችውም አልኳት። ተረት ነው አለችኝ። ይህን ስትል በጣም ተናደድኩ፤ ትልቅ ሰው ነች፣ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። «ማታ ማታ ስትነግሪን ተረት ነው አላልሽንም» አልኳት። አየችኝ። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ረዝሟል» አለችኝ። ቆይታ ግን አባትሽ መቼ ነው ወደ ደገሀቡር መስመር የሚወጣው ብላ ጠየቀችኝ።

አባቴ ከቁፋሮ ሲመለስ የግራር ቅርፊት በጆንያ ሞልቶ መጣ። ቅርፊቱ ሲፈላ ውሃው ቀይ ይሆናል። ሃኑን በሱ ዘፍዝፈን አሳደርን፤ አውጥተን አጠንን፤ ቅቤ አጠጣነው፤ እንደገና አጠንን። ኤዶ ሮዳ ትእዛዝ ትሰጣለች እንጂ እጇን አታስገባም። አበላሺዋ ትሥራ ብላ እንጨት መፍለጡን ለእናቴ ሰጠቻት፤ እናቴም ቢሮ ለብሳው የምትሄደውን ቀሚስ እንኳ ሳታወልቅ ትፈልጥ ነበር። ፍሙን ማንከባለል የኔ ድርሻ ሆነ። እጄ ላይ የተቃጠለው ቦታ ጠባሳው አሁንም አለ። ወተት ስንጨምርበት አፈሰሰ። ከመጀመሪያ ጀመርን። አሁንም አፈሰሰ።

አንድ ማታ ሂቦ ጆግ ይዛ ወተት ልትገዛ መጣች፤ ቤተሰቦቿ የኤዶ ሮዳ ደንበኞች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ጥላሸት በጥላሸት ሆኜ አገኘችኝ። ምን ትሠሪያለሽ አላለችኝም፤ ይታያል። ሃኑን ብድግ አድርጋ ወደ ፋኖሱ ይዛ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ አየች። ከዚያ መቀመጫው አጠገብ ያለውን ጉንጉን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችና፣ እዚህ ጋ ላልቷል፣ ጭስ ብቻ አይደፍነውም አለች። አያቷ ገጠር ሃን ስትጠግን አይታለች። በሳምንቱ ከአያቷ የተላከ የግራር ሥር ፈትልና ወስፌ ይዛ መጣችና፣ ሳልጠይቃት አጠገቤ ቁጭ አለች። ልጆች ነበርንና ይቅርታም አልተጠያየቅንም፤ ወስፌውን እየተቀባበልን የላላውን አጠበቅን። ጣቶቻችን ደሙ። እሷ በሶማሊኛ ትራገማለች፣ እኔ በአማርኛ፤ ኤዶ ሮዳ በሁለቱም ትቆጣናለች።

ከዚያ ወዲያ ቅርፊቱንም ጭሱንም ቅቤውንም እንደ አዲስ አዳረስነው። አንድ ቅዳሜ ወተት ቀድተንበት ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ተቀመጥን። የምሳ ሰዓት አለፈ። ሂቦ ሃኑን ቀስ ብላ አነሳችና ሥሩን በመዳፏ ዳሰሰች። መዳፏን ለኔ ዘረጋችልኝ፤ ደረቅ ነው። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ኤዶ ሮዳ በኩባያ ቀድታ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁላችንም የምንጠብቀውን ቃል እናውቅ ነበር፤ የእናቴ ጣዕም ተመለሰ እንድትል።

«የእናቴ አይደለም» አለች። «የሷ ሄዷል፣ አይመለስም።» እንደገና ተጎነጨች። «ይሄ የናንተ ጭስ ነው። ጥሩ ነው።» ከዚያም ኩባያውን ለኔም ለሂቦም ሳይሆን መጀመሪያ ለእናቴ ዘረጋችላት።

አሁን አዳማ ነው የምማረው። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ልጆቹ የየአገራቸውን ነገር እያነሱ ሲኮሩ ደስ ይለኛል፤ እኔም ወሬዬ ብዙ ነው፣ ጨንቻም ባቢሌም ጅጅጋም አይቀሩኝም። ግን ኩራት ስል የምረዳው ነገር ከነሱ ትንሽ ሳይለይ አይቀርም። የተወለድኩበት ነው ማለት ለኔ በቂ መስሎኝ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ኖሬበታለሁ ማለትም አይበቃኝም። አንድ ብልህ ሰው የሠራውን ነገር የኔ ነው ከማለቴ በፊት፣ የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው፣ እኔስ የትኛውን ጉንጉን አጠበቅኩ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ያን ሰሞን ከግቢያችን ይዤው የወጣሁት ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጅጅጋ ስገባ፣ እኔና ሂቦ ከሥር ፈትል አዲስ ሃን ጎነጎንን። ወራት ፈጀብን። ኤዶ ሮዳ ዓይኗ ደክሟል፤ ሠርተን ስንሰጣት በጣቷ ከአፍ እስከ መቀመጫ ዳበሰችው። ይሄ ለሽንኩርትም አይሆንም አለች። ሂቦ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ወስፌውን አንስቼ እንደ አዲስ ልጎነጉነው ከመቀመጫው መፍታት ጀመርኩ፤ ዘንድሮም በዕረፍቴ የምሠራው እሱኑ ነው።